ወበቁ የአዳማ ነው ወይስ የራሴ?

ማህሌት፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፤ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራው ማህሌት ነኝ፤ ከአዳማ ነን። ዛሬ እትዬ ጥሩነሽ አንድ ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል።

ጥሩነሽ፦ እህቴ ናት ከውጭ የላከችልኝ። የአኩሪ አተር እንክብል ነው፤ "የማረጥን ሙቀት ያበርድልሻል" ብላኛለች። እኔ ግን አንቺን ሳላማክር አልውጥም ብዬ እስካሁን አልከፈትኩትም።

ማህሌት፦ መጀመሪያ ሙቀቱ የማረጥ መሆኑን እንዴት እንዳወቁ ይንገሩን።

ጥሩነሽ፦ የት አወቅኩት! አዳማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ሙቀት ለእኔ ብርቅ አይደለም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ማን የማያልበው አለ? ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ሲያልበኝ ወባ ነው ብዬ ደም ሰጠሁ፤ የለብሽም ተባልኩ። ግፊት ይሆናል ብዬ ተለካሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ ሐምሌ ገባ። ውጭ ዝናብ ይወርዳል፣ ቤተሰቡ ጋቢ ተከናንቧል፣ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ስትለኝ ነው የነቃሁት። 51 ዓመቴ ነው፤ አበባዬም መዛባት ከጀመረ ቆይቷል።

ማህሌት፦ ፋርማሲ ውስጥ ይህን ሁልጊዜ አያለሁ። ለራስ ምታት ሲሆን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚጠይቁ ሴቶች፣ ለዚህ ሲሆን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ነው የሚነግሩኝ።

ጥሩነሽ፦ ቃሉ ራሱ ይከብዳላ! "አረጠች" ሲባል ሰው ያለቀላት ያህል ነው የሚሰማው። በጣም ያሳዝነኛል፤ የሁላችንም ነገር እኮ ነው።

ማህሌት፦ የሁላችንም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ አንጎል ውስጥ ሙቀታችንን የሚቆጣጠረው ክፍል ይቆጣል። ሰውነት ትንሽ ሲሞቅ በጣም የሞቀ ይመስለውና የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ላብ ያወርዳል።

ጥሩነሽ፦ አኩሪ አተሩ ታዲያ ምን ያደርጋል?

ማህሌት፦ አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዋናዎቹ ጄኒስቲንና ዳይድዚን ናቸው። ቅርጻቸው ኢስትሮጅንን ይመስላል። እሱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያርፋሉ፣ ጉልበታቸው ግን በጣም ደካማ ነው። ደግሞ ዳይድዚንን ኢኮል ወደሚባል፣ ጠንከር ወዳለ ነገር የሚቀይሩ የአንጀት ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ ሁሉም ሰው ሆድ ውስጥ የሉም። አንዷን የረዳ እንክብል ሌላዋን ምንም ላይላት የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ጥሩነሽ፦ እሺ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ማህሌት፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ታትሞ ነበር። በቀን 54 ሚሊግራም አካባቢ አይሶፍላቮን የወሰዱት ሴቶች መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሙቀቱ የሚመጣባቸው ጊዜ በ21 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በቀን አሥር ጊዜ ቢመጣብዎ ስምንት ይሆናል እንደማለት ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ሌሊት ለማትተኛ ሴት ሁለቱም ዋጋ አላቸው። በሌላ በኩል የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያው ለዚህ ችግር አኩሪ አተርን አልመከረም። ሐኪሞቹም ገና አልተስማሙም ማለት ነው።

ጥሩነሽ፦ እህቴ "ለአጥንትም ነው" ብላኛለች።

ማህሌት፦ ለአጥንት ብለው እንኳ አይውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የማያሚ ጥናት አለ፤ 248 ሴቶች፣ በቀን 200 ሚሊግራም አይሶፍላቮን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። የአጥንት መሳሳትን አላቆመም። እንዲያውም በመጨረሻ ሙቀት አለብን ያሉት ሴቶች አኩሪ አተር ከወሰዱት መካከል በዝተው ነው የተገኙት። መጠን ስለጨመሩ ጥቅም አይጨምርም። እስቲ ጠርሙሱን ይስጡኝ... "የአኩሪ አተር ጭማቂ 125 ሚሊግራም፣ አይሶፍላቮን 40 በመቶ"።

ጥሩነሽ፦ እኔ 125ቱን ነበር የያዝኩት።

ማህሌት፦ ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚያነቡት። የሚቆጠረው የ125ቱ 40 በመቶ ነው፤ 50 ሚሊግራም። ሁለተኛውን ቁጥር ያልጻፈ ጠርሙስ ቢመጣልኝ እኔ አልገዛውም።

ጥሩነሽ፦ በጾም የምንጠጣው የአኩሪ አተር ወተትስ?

ማህሌት፦ እሱም አይሶፍላቮን አለው። እንደ አሠራሩ ይለያያል እንጂ አንድ ብርጭቆ 25 ሚሊግራም አካባቢ ሊኖረው ይችላል። ምግብ ስለሆነ ፕሮቲንም ያገኙበታል፤ ስኳሩን ብቻ ይጠንቀቁ።

ጥሩነሽ፦ ማን መውሰድ የለበትም?

ማህሌት፦ የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት ሴት ሐኪሟን ሳታማክር እንክብሉን አትጀምር። ለእንቅርት ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ደግሞ አብራ አትዋጠው፤ አኩሪ አተር መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል፤ የአራት ሰዓት ያህል ልዩነት ይኑር። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አለ፣ እትዬ ጥሩነሽ፤ ይህን ሁሉም ሴት ብትሰማልኝ ደስ ይለኛል። የወር አበባ ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ፣ ጠብታም ብትሆን፣ "ተመለሰልኝ" ተብሎ ዝም አይባልም። የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ይታከማል።

ጥሩነሽ፦ ጎረቤቴ "ልጅነቴ መጣ" ብላ ስቃ ነግራኝ ነበር። ዛሬውኑ ቤቷ እሄዳለሁ።

ማህሌት፦ ይሂዱላት፣ ሐኪም ጋርም ይዘዋት ይሂዱ።

ጥሩነሽ፦ እኔስ? ልጀምረው?

ማህሌት፦ ከነገሩኝ የሚከለክልዎ ነገር አላየሁም። ሙቀቱ ሥራና እንቅልፍ ከነሳዎት ግን ስለ ሆርሞን ሕክምናም ሐኪም ያነጋግሩ፤ ለሙቀቱ ከሁሉም በላይ የሚሠራው እሱ ነው፣ ለማን እንደሚሆን የሚወስነውም ሐኪሙ ነው። እንክብሉን ከመረጡ ቶሎ አይጠብቁ፤ ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል።

ጥሩነሽ፦ እንግዲያው ደብተር እይዛለሁ። ሁለት ሳምንት ያለ እንክብል፣ ከዚያ ሦስት ወር ከእንክብሉ ጋር፤ በየሌሊቱ ስንት ጊዜ እንደነቃሁ እጽፋለሁ። ደብተሩን ይዤ እዚሁ እመለሳለሁ።