ከባዱ ሳጥን

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ይቅርታ፤ ቅዳሜ ብሉዋ ሄጄ ብርድ መቶኝ ነው።

ብሉዋ ከፓሪስ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ናት። ሰው የሚሄደው የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት ሊያይ ነው። እኔን ግን ልጄ ጎትቶ ፊት ለፊት ያለው ቤት አስገባኝ፤ የምትሃት ቤት ይሉታል፣ በፈረንጆቹ 1998 የተከፈተ ሙዚየም ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ባለ ስድስት ራስ ወርቃማ ዘንዶ በመስኮቶቹ ብቅ ይላል። ልጁ ሦስት ጊዜ ካላየሁ ንቅንቅ አልልም አለ። ብርዱም የመታኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ሙዚየሙ የሮቤር ሁዳን ነው። በ1805 እዚያው ብሉዋ የተወለደ ሰዓት ሠሪና ምትሃተኛ ነበር። ሁዳን የሚስቱ ቤተሰብ ስም ነው፤ ከራሱ ስም ጋር አጋጠመው። ኋላ ደግሞ ቡዳፔስት የተወለደ አንድ ልጅ ጫፉ ላይ "ኢ" ጨመረበትና ዝነኛው ምትሃተኛ ሁዲኒ ሆነ። ያው ሁዲኒ በ1908 ሮቤር ሁዳንን የሚያዋርድ መጽሐፍ ጻፈ። የስም ብድር አመላለስ!

ከሮቤር ሁዳን ሥራዎች ሁሉ እኔን የገረመኝ ሰዓቱ ነው። ፊቱ ጥርት ያለ መስታወት፣ የቆመበትም ምሰሶ መስታወት። በወዲህ በኩል ሆነህ በወዲያ ያለውን ሰው ታያለህ። ጥርስ የለ፣ ሞላ የለ፣ መርፌው ግን ይዞራል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፊቱ አንድ ሳይሆን ሁለት መስታወት ነው። አንደኛው መርፌውን ይዞ ይዞራል፣ የሚያዞረው ማሽን ደግሞ ከታች መቀመጫው ውስጥ ተደብቋል። ምስጢሩን ካወቅሁ በኋላም አፌን ከፍቼ ነበር።

ሳጥኑ ግን ሌላ ነው። በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ሰውየውን ያኔ ቅኝ ግዛቱ ወደነበረችው አልጄሪያ ላከው። ማራቡት የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች በተአምር ሕዝቡን ያነሣሡብናል ብሎ ስለሰጋ፣ የእኛ ተአምር ይበልጣል ለማሰኘት። አልጀርስ ውስጥ፣ የጎሳ አለቆች በተሰበሰቡበት ቲያትር፣ ትንሽ ሳጥን መድረኩ ላይ አስቀመጠ። አንድ ሰው ወጣ፤ ቁመቱ መካከለኛ፣ ሰውነቱ ግን ጠንካራ። በአንድ እጁ ብድግ አደረገውና "ይኸው ነው?" አለ። ሮቤር ሁዳንም "ጉልበትህን ወስጄብሃለሁ፣ አሁን ከሴት ይልቅ ደካማ ነህ፤ እስቲ አንሣው" አለው። ሰውየው ታገለ። ሳጥኑ ወይ ፍንክች።

የሳጥኑ ታች ብረት ነው፤ ከመድረኩ ሥር ኤሌክትሪክ ሲሄድበት ብቻ ብረት የሚስብ ማግኔት ተቀብሯል። እሱም አልበቃ ብሎ በመያዣው በኩል ኤሌክትሪክ ለቀቁበት። ሰውየው በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ፊቱን በካባው ሸፍኖ ሮጦ ወጣ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ሮቤር ሁዳን ራሱ በጻፈው ትዝታ ነው። ሲተርከው ደስ ብሎት ነው። ሳጥኑን ያነሣው ሰው በትረካው ውስጥ ስም እንኳ የለውም፤ "አንድ ዓረብ" ነው።

በመልሱ ባቡር ላይ ለልጄ ነገርኩት፤ ያቺ "ይኸው ነው?" የምትለው ጋ ስደርስ አብረን ሳቅን። ከዚያ አያቴ ትዝ አለችኝ። ቤታችን ፍሪጅ የገባ ሰሞን እጀታውን ስትይዝ ነዘራት። "ሰይጣን አለበት!" ብላ ወደ ኋላ ተፈናጠረች። እኛ ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለልን፤ ለዓመታት እንግዳ በመጣ ቁጥር አስመስለን እያሳየን አሣቅንባት። ሽቦው ተልጦ እንደነበር ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ነገረን፣ አጎቴም ከፈለው።

ለእሷ ግን የነገራት ሰው መኖሩን እንጃ። ከዚያ ወዲህ ፍሪጁን የምትከፍተው እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር።