ካርታው መኖሪያ ይላል፣ ሰፈሩ ግን ፋብሪካ ነው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው የስልክ መስመራችን የተከፈተው ስለ ከተማ ፕላን ነው። ከደወሉት አብዛኞቹ ከአቃቂ ቃሊቲ መሆናቸው አላስገረመኝም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበርና ፋብሪካዎቹ የባቡሩን መስመር፣ ሜዳውንና ወንዙን ተከትለው እዚያ ሰፈሩ። ሠራተኛው ፋብሪካውን ተከትሎ ቤት ሠራ፤ ሱቁም ጠላ ቤቱም ሠራተኛውን ተከተለ። ዛሬ የምንሰማው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚያ መከታተል የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ውስጥ የመኖሪያ ካርታ ያለው 300 ካሬ ሜትር ይዞታ ገዛሁ። ግራና ቀኙ ጋራዥና ብሎኬት ማምረቻ ነው። እኔም የብረት በርና መስኮት ልሠራበት ነበር ሐሳቤ። ፈቃድ ስጠይቅ ግን አይቻልም ተባልኩ። ጎረቤቶቼ እየሠሩ እኔ የምከለከለው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ቢደውሉልኝ ኖሮ ደስ ባለኝ። ካርታ ይዞታው የማን እንደሆነ፣ ስፋቱንና የተሰጠበትን አገልግሎት ይነግርዎታል። ነገ እዚያ ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው ግን የከተማው መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚመድበው የመላ ከተማው ፕላን ነው፤ ለሰፈሩ ብቻ የሚወጣው ዝርዝር የአካባቢ ልማት ፕላን ከተዘጋጀ ደግሞ እርሱም ይጨመራል። በ1ኛው እጅዎ ካርታ ቢይዙም በ2ኛው እጅዎ የፕላን ስምምነት ካልያዙ የገዙት የሌላ ሰው ጭንቀት ሊሆን ይችላል። የፕላን ስምምነት ማለት ከግንባታ ፈቃድ በፊት የሚጠየቅ ወረቀት ነው፦ በዚህ ቦታ ይህ አገልግሎት ይፈቀዳል ወይ፣ ምን ያህል ከፍታ፣ ከመንገዱ ምን ያህል ርቀት የሚለውን ይመልሳል። ሻጩ ይህን ወረቀት እንዲያወጣልዎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ ጎረቤቶችዎ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ምናልባት አሁን ያለው ፕላን ሳይጸድቅ በፊት ፈቃድ አግኝተው የገቡ ናቸው። ምናልባትም ፈቃድ የላቸውም፤ ደንብ አስከባሪ እስኪመጣ ድረስ እየሠሩ ነው። ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። ስለዚህ "እርሱ ስለሠራ" የሚለው ክርክር የትኛውም ቢሮ ውስጥ ዋጋ የለውም፤ እኔም ብሆን በዚያ ቢሮ ተቀምጬ ቢሆን አልቀበለውም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎችን "ሀ"፣ "ለ" እና "ሐ" ብሎ ሲመድብ የፋብሪካና የወርክሾፕ ሕንፃን ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው ሕንፃዎች ጋር አንድ ላይ ከባዱ ምድብ በሆነው "ሐ" ውስጥ አስገብቶታል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ። ባለ አንድ ፎቅ እንኳ ያልሆነ፣ በቆርቆሮ የተከደነ የብየዳ ቤት ከረጅም ሕንፃ ጋር ምን አገናኘው ይላሉ። ያገናኘው አደጋው ነው፦ ጋዝ ሲሊንደር አለ፣ ብልጭታ አለ፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል አለ፣ ከሥሩ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ መኖሪያ ቤትዎን አፍርሰው ወርክሾፕ ሲያደርጉት ቤቱ ከቀላሉ ምድብ ወጥቶ ወደ ከባዱ ይሻገራል፤ ዲዛይኑም፣ ቁጥጥሩም፣ በመጨረሻ የሚሰጠው የመጠቀሚያ ፈቃድም አብሮ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ አቃቂ ነው የምኖረው። ከአጥራችን ጀርባ ያለው ፋብሪካ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል። ልጆቼ አይተኙም። ስናመለክት "የኢንዱስትሪ ቀጠና ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ" ይሉኛል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው፣ እናቴ። ግማሹ ግን አይደለም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የድምፅ ብርታት የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ በአገራችን የሚፈቀደው የድምፅ ጣሪያ ለኢንዱስትሪ ቀጠና ቀን ላይ 75 ዴሲቤል፣ ሌሊት 70 ዴሲቤል ነው። ለመኖሪያ ቀጠና ቀን 55፣ ሌሊት 45 ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ያለው ነው። በሁለቱ ቀጠናዎች መካከል ያለው የ20 እና የ25 ዴሲቤል ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በጆሮ ግን 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤትዎ በፕላኑ ላይ በየትኛው ቀጠና ውስጥ እንደወደቀ ነው። የእርስዎ አጥር የሁለት ቀጠናዎች ድንበር ከሆነ፣ ፋብሪካው በራሱ ግቢ ኢንዱስትሪ ስለሆነ ብቻ በእርስዎ መኝታ ቤት እንደልቡ ማጓራት አይችልም። ቤትዎ በኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ቢሆንም እንኳ 70ን ማለፍ አይፈቀድለትም። "ምን ታደርጊዋለሽ" የሚለው መልስ በየትኛውም አዋጅ ውስጥ የለም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥሩ 300 ነው፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረኩ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ስለዚህ አቤቱታዎን በቃል አያቅርቡ። በጽሑፍ ያስገቡ፣ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ያ ማኅተም ያረፈበት ቀን ነው 30ውን መቁጠር የሚጀምረው። ድምፁ የሚበረታበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት ያህል በደብተር ይመዝግቡ፤ ሊለካ የሚመጣው ባለሙያ ቀን ላይ መጥቶ "ጸጥታ ነው" ብሎ እንዳይመለስ።

ጥያቄ፦ አባታችን ትቶልን ያለፈው መጋዘንና ትንሽ የቆዳ ማልፊያ አለ። ሥራው ከቆመ ቆይቷል። አካባቢው አድጓልና አፓርትመንት ልንሠራበት እንችላለን?

የአገልግሎት ለውጥ ይባላል፤ የሚፈቀደው አዲሱ አገልግሎት ከፕላኑ ጋር ሲስማማ ነው። ሊዝ ከሆነ ደግሞ ዘመኑም ይነካል፦ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለኢንዱስትሪ 70 ዓመት፣ ለንግድ 60፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው የሰጠው። ሕጉ ይህን ያህል ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን አፈሩ ነው። ቆዳ በክሮሚየም ጨው ይለፋል። ለዓመታት ወለል ላይ የፈሰሰው፣ በቦይ የሄደው፣ ጓሮ የተደፋው ዝቃጭ ቆዳው ስላለቀ አብሮ አላለቀም። የአቃቂ መሬት ደግሞ ተራ መሬት አይደለም፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፍ ያለ ድርሻ ያለው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይወጣል። የከተማዋን ፋብሪካዎችና የከተማዋን ጉድጓድ አንድ ላይ ማስቀመጣችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ስለዚህ አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት አፈሩን ከሦስት አራት ቦታ፣ ከላይም ከጥልቀትም አስቆፍራችሁ ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ውድ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ከሆነ በኋላ መቆፈር ግን የበለጠ ውድ ነው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምደውለው። ትንሽ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለማቋቋም ቦታ ልግዛ ወይስ ሼድ ልከራይ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሼድ፣ ማለትም ተሠርቶ የተዘጋጀ የፋብሪካ አዳራሽ። ቦሌ ለሚን የመሰለ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ መንገዱ፣ መብራቱና የፍሳሽ ማጣሪያው ከሼዱ ጋር አብሮ የታሰበ ነው። ቦሌ ለሚ ለስፌትና ለቆዳ ውጤቶች ነው የተገነባው፤ ቂሊንጦ ደግሞ ለመድኃኒት ነው፣ ስለዚህ ስም ሰምተው ብቻ አያመልክቱ። በውክልና ቦታ የሚገዛልዎ ዘመድ ካለ ደግሞ ለመጀመሪያው አድማጭ የሰጠሁትን መልስ ይላኩለት።

ጥያቄ፦ ኮንትራክተር ነኝ። ለአንድ ደንበኛዬ መጋዘን ስንሠራ ከፊትም ከጎንም ባዶ ቦታ ተዉ አሉን። በውድ ሊዝ የተገኘ መሬት ባዶ ማስቀመጥ ምን ይባላል?

ባዶ አይደለም፣ የመኪና ነው። ሴትባክ የሚባለውን፣ ከወሰኑ እስከ ሕንፃው የሚተወውን ቦታ ሰው እንደ ቅጣት ያየዋል። ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ መውጫ አካባቢ ማለዳ ላይ ይሂዱና አንድ ተሳቢ ወደ ጠባብ ግቢ በኋላ ማርሽ ሲገባ ይመልከቱ። ግቢው ውስጥ መዞሪያ ስለሌለው መንገዱን ሙሉ ይዘጋል፤ ከኋላው ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ አምቡላንሱ ይቆማል። ባለመጋዘኑ ያተረፋትን ጥቂት ሜትር የሚከፍሉለት እነዚያ ሁሉ ናቸው። ከጎን የሚተወው ደግሞ ለእሳት ነው፦ እሳት ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው እንዳይዘል፣ የእሳት አደጋ መኪናም ዙሪያውን እንዲደርስ። አጥር ለአጥር ተጣብቀው በተሠሩ መጋዘኖች መሃል የተነሳ እሳት ከፊት ብቻ ነው ውኃ የሚያገኘው።

ዲዛይኑን ከመጨረሳችሁ በፊት የደንበኛዎን ሹፌር ይጥሩት። የሚገባው መኪና ከነተሳቢው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ሲዞር ምን ያህል እንደሚፈልግ ከማንም በላይ እርሱ ያውቃል። በሩን በኖራ መሬት ላይ ያስምሩለትና በባዶው ሜዳ ላይ አንዴ ያዙረው።