ለጎንደር መሐል ከተማ እድሳት የድጋፍ ገንዘብ ማመልከቻ፦ ከባለቤትነት ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሪፖርት

[ምስል፦ ከፒያሳ ወደ ፋሲል ግቢ የሚወስደው መንገድ፤ ጠዋት፣ ሱቆች ሲከፈቱ]

ይህ ቪዲዮ የፒያሳን መንገድ፣ የአራዳን የገበያ ዳር ወይም በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያለውን የእግረኛ መተላለፊያ ለማደስ የማይመለስ ድጋፍ መጠየቅ ለምትፈልጉ ነው። የከተማ አስተዳደር ባለሙያ፣ የነጋዴዎች ማኅበር አመራር ወይም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሠራተኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ማመልከቻዎች በብዛት የሚወድቁበት ቦታ አንድ ነው፦ ፕሮፖዛሉ ከመጻፉ በፊት እጅ መግባት የነበረባቸው ወረቀቶች ሳይያዙ ወደ ጽሑፍ ይገባል። ስለዚህ የምንጀምረው ከነዚያ ወረቀቶች ነው።

[ምስል፦ የፒያሳ ሕንፃዎች ፊት፣ በረንዳና መስኮት በቅርብ]

ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሚታደሰው ንብረት የማን እንደሆነ ነው። ፒያሳ ላይ ይህን መመለስ ጊዜ ይወስዳል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በተሠራው በዚህ ሰፈር ባለቤትነቱ ተቀላቅሏል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በአንድ ረድፍ ላይ ካሉ ሦስት ሱቆች አንዱ የቀበሌ ቤት፣ ቀጥሎ ያለው የኪራይ ቤቶች፣ ሦስተኛው የግል ይዞታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሱቁ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራ ተከራይ ቢፈርምላችሁም ፊርማው የባለቤት ፈቃድ ሆኖ አይቆጠርም። ለእያንዳንዱ ቤት የቤት ቁጥሩን፣ የሚሠራውን ሥራ (ቀለም፣ በረንዳ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የውኃ መውረጃ ቱቦ) እና የሚቆይበትን ጊዜ የሚጠቅስ፣ ማኅተም ያለበት የባለቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከተከራዩ ጋር ደግሞ የተለየ ስምምነት ያዙ። በሥራው ወቅት ሱቁ ስንት ቀን እንደሚዘጋ፣ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ፣ እድሳቱን ምክንያት አድርጎ ለስንት ጊዜ ኪራይ እንደማይጨመርበት ይጻፍ። በሕዝብ ገንዘብ ቤቱ ታድሶ ነጋዴው ቢወጣ፣ ድጋፉ ሊረዳው የተነሣውን ሰው ጎድቷል፤ ገምጋሚዎችም ይህን በደንብ ያዩታል። በረንዳ ሥር የሚውሉት ሊስትሮዎችና ጀበና ቡና አፍልተው የሚሸጡት እህቶችም በዝርዝሩ ይግቡ። የይዞታ ካርታ ባይኖራቸውም ገቢያቸው የሚቋረጠው የነሱ ነው።

[ምስል፦ የፋሲል ግቢ ቅጥር ከውጭ፤ ድንጋይና ኖራ በቅርብ]

ሁለተኛው ወረቀት የቅርስ ፈቃድ ነው። ፋሲል ግቢ ከ1979 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው። ምዝገባው በ900 ሜትሩ ቅጥር ውስጥ ያሉትን ቤተ መንግሥቶች ብቻ ሳይሆን ጥምቀተ ባሕሩን፣ ቁስቋምንና ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ይጨምራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ ጥገና ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ የዓለም ቅርስ ኮንቬንሽን የአሠራር መመሪያ በአንቀጽ 172 አገሪቱ በቅርሱ ክልል ውስጥ ትልቅ እድሳት ወይም አዲስ ግንባታ ስታስብ፣ የማይቀለበስ ውሳኔ ከመወሰኗ በፊት ለዓለም ቅርስ ኮሚቴ እንድታሳውቅ ይጠይቃል። ከቅጥሩ አጠገብ የሚተከል የመብራት ምሰሶ ወይም የሚቆፈር የፍሳሽ ቦይ ትንሽ ሥራ ቢመስልም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ የተሰጠ «ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚል መልስም ከማመልከቻው ጋር የሚያያዝ ጠቃሚ ሰነድ ነው።

በቁሳቁስ ምርጫ ላይ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ አለን። በኖራ የተገነባ አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ድንጋዩ ከውስጥ ይበላል፣ ልስኑም ከነቆዳው ተላጦ ይወርዳል። በጣሊያን ዘመን በፋሲል ግቢ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ኋላ ላይ በኖራ መተካት ነበረበት። የሥራ ዝርዝራችሁ ላይ «ልስን፣ ካሬ ሜትር» ብቻ ተጽፎ የቁሱ ዓይነት ከቀረ ተቋራጩ የሚያስገባው ሲሚንቶ ነው። «የኖራ ልስን» ብላችሁ፣ የኖራውንና የአሸዋውን ምጥን ጭምር ጻፉ። የፒያሳ ሕንፃዎች ግን ብዙ ኮንክሪትና ሲሚንቶ ስላለባቸው እያንዳንዱ ግድግዳ ታይቶ ይወሰን።

[ምስል፦ በሠንጠረዥ የገንዘብ ምንጮች]

ገንዘቡ የት ነው? ሁሉም ምንጭ ሁሉንም ሥራ አይከፍልም።

ለመንገድ፣ ለፍሳሽ ቦይ፣ ለመብራትና ለእግረኛ ንጣፍ ዋናው መንገድ የከተማው የካፒታል በጀትና በከተማ አስተዳደሩ በኩል የሚመጡ ፕሮግራሞች ናቸው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክና በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም የተወው አሠራር ዛሬም መማሪያ ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀው ከተማው በዓመታዊ የአፈጻጸም ምዘና ባገኘው ውጤት ልክ ነበር፤ ሥራው ደግሞ በሦስት ዓመቱ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ በሥራ ቋንቋ ሲአይፒ በሚባለው፣ ውስጥ መግባት ነበረበት። የነጋዴዎች ማኅበር ከሆናችሁ ትልቁ ሥራችሁ መንገዳችሁን በዚህ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ነው። ዕቅዱ የሚከለሰው አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ከመጀመሩ ወራት በፊት ስለሆነ፣ ግንቦት ላይ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ተራ ይይዛል።

ለቅርሱ ራሱ የዓለም ቅርስ ፈንድ አለ። የሱቅ ፊት ቀለምና የኮብልስቶን ንጣፍ ከዚህ አይጠበቅም። የሚያመለክተው አገር ስለሆነ ማመልከቻው በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወይም በዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን ተፈርሞ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ፣ በጀቱ በዶላር ተሠርቶ ይሄዳል። እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ያለ ጥያቄ በማንኛውም ጊዜ ይቀርባል። ከዚያ በላይ ለሆነው ቀነ ገደቡ ኦክቶበር 31 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 21፣ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ማግስት ግን ጥቅምት 20። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ሰነድ የሚያስቀር ስለሆነ የቢሮ ግድግዳችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። ለዝግጅት ድጋፍ የሚሰጠው ጣሪያ 30,000 ዶላር ነው።

ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ደግሞ የአውሮፓ ኅብረትና የኤምባሲዎች የማመልከቻ ጥሪዎች አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 አገር በቀል ድርጅት ከውጭም ገንዘብ እንዲያሰባስብ ፈቅዷል፤ የአስተዳደር ወጪን ግን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ላይ ገድቧል። የአውሮፓ ኅብረት ራሱ ለቢሮ ወጪ የሚሰጠው ከቀጥተኛ ወጪው ከ7 በመቶ አይበልጥም። ዕድርና ያልተመዘገበ ማኅበር ብቻውን ማመልከት ስለማይችል የተመዘገበ አጋር ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ቀነ ገደብ መቀመጫው ባለበት በብራስልስ ሰዓት ነው፦ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን በእነሱ ክረምት በጎንደር ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በእነሱ በጋ 7 ሰዓት ይሆናል። ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል ሰነዱን ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ጫኑ።

[ምስል፦ የአንድ መንገድ ንድፍ፤ በላዩ 180 ሜትር የሚል ምልክት]

አሁን ወደ መጠኑ። «የጎንደር መሐል ከተማን ማደስ» የሚል ፕሮጀክት ለገምጋሚ የሚጨበጥ ነገር የለውም። አንድ ክፍል ምረጡ። 180 ሜትር የሚረዝም መንገድ፣ በግራና በቀኝ 3 ሜትር የእግረኛ ንጣፍ ያለው እንበል። 180 በ6 ሲባዛ 1,080 ካሬ ሜትር ንጣፍ፣ በሁለቱም ዳር 360 ሜትር የፍሳሽ ቦይ፣ የተቆጠሩ የመብራት ምሰሶዎች፣ ቁጥራቸው የተመዘገበ የሱቅ ፊቶች። ይህን ያየ ሰው ዋጋውን መመርመር፣ ውጤቱንም ሄዶ መቁጠር ይችላል።

የሥራው ቅደም ተከተል በሥራ ዝርዝሩ ላይ መታየት አለበት። ከሁሉም ፊት ከመሬት በታች ያለው፦ የውኃ መስመር፣ የቴሌ ገመድ፣ የመብራት ኬብል፣ ፍሳሽ። ከኮብልስቶኑ በፊት ለውኃ አገልግሎቱ፣ ለቴሌኮምና ለመብራት ደብዳቤ ጻፉና «በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በዚህ መንገድ ቁፋሮ አለን?» የሚለውን በጽሑፍ እንዲመልሱ አድርጉ። ይህ ካልተደረገ ንጣፉ ባለቀ በወሩ ቧንቧ ለመቀየር ይነሣል፤ መልሶ የሚደረደረው ድንጋይ ሥሩ ያለው አሸዋ ስላልተጠቀጠቀ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል። ጎንደር ተዳፋት ከተማ ናት፣ የሐምሌ ጎርፍ ደግሞ ፈጣን ነው። ቦዩ የት እንደሚያልቅና ውኃው ወደ የትኛው ወራጅ እንደሚገባ በንድፉ ካልታየ፣ የእናንተ መንገድ ደርቆ የታችኛው ሰፈር ይጥለቀለቃል።

[ምስል፦ የበጀት ስሌት መስመር በመስመር]

በጀት ላይ የምናየው ትልቁ ጉድለት የሥራውን ዋጋ ጽፎ መተው ነው። ለምሳሌ የግንባታው ዋጋ 8,000,000 ብር ቢሆን፣ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 8,800,000 ይሆናል። በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 1,320,000 ነው፤ ድምሩ 10,120,000 ብር። 8 ሚሊዮን ብሎ የጠየቀ ሰው ገና ሳይጀምር 2,120,000 ብር ጎድሎታል፤ የዲዛይንና የቁጥጥር ክፍያው ገና ሳይነሣ ማለት ነው። ድጋፍ ሰጪው 20 በመቶ ተጓዳኝ መዋጮ ከጠየቀ ደግሞ ከዚሁ ላይ 2,024,000 ብር የእናንተ ነው። መዋጮውን «በዓይነት» ብላችሁ አትለፉት። ጉልበት ከሆነ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ በስንት ብር እንደታሰበ፤ ገንዘብ ከሆነ በምክር ቤት የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ አያይዙ። ሁሉም ድጋፍ ሰጪ ታክስና መጠባበቂያን በአንድ ዓይነት ስለማይቀበል የጥሪውን መመሪያ እዩ፤ የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ከ5 በመቶ በላይ መጠባበቂያ አይፈቅድም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በፍጥነት ስለሚቀየር፣ የመብራት ዕቃና ኬብል ዋጋ መቼ እንደተጠየቀ ቀኑ ይጻፍ።

[ምስል፦ የ12 ወር የጊዜ ሰሌዳ፤ ሐምሌ እስከ ሰኔ]

የጊዜ ሰሌዳው ጎንደርን የሚያውቅ ሰው የሠራው መምሰል አለበት። በጀት ሐምሌ 1 ሲከፈት ዝናቡ መሐል ላይ ነን። ጨረታ፣ ግምገማና ውል መስከረምን ያልፋሉ። ቁፋሮ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቢጀመርም ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ከተማው በሕዝብ ይሞላል። የተከፈተ ጉድጓድ በዚያ ቀን አደጋ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ዝጉ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ ግንቦት ሁለተኛውን ሥሩ፣ ሰኔን ለጉድለት ማስተካከያ ተዉ። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶና ብረት እንደሚቋረጥም በሥጋት ሠንጠረዡ ላይ በግልጽ አስቀምጡ፤ መፍትሔውን፣ ማለትም አስቀድሞ ገዝቶ ማከማቸትን፣ ከነመጋዘን ኪራዩ ጻፉ።

ስለ ጽሑፉ ራሱ ብዙ የምንለው የለም። ኮንሴፕት ኖቱን፣ ማለትም የፕሮጀክቱን አጭር መግለጫ፣ የጥሪው ጥያቄዎች በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ጻፉ፣ የገጽ ገደቡን አክብሩ፣ ታሪኩን በአንድ አንቀጽ ጨርሱ። ገምጋሚው ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 እንደ ፈረንጆቹ እንደ ቆረቆሯት አንብቧል፤ ሊያውቅ የሚፈልገው ከእድሳቱ በኋላ መብራቱ ሲቃጠል ማን እንደሚቀይረው ነው። የጥገና ኃላፊውን መሥሪያ ቤት፣ ዓመታዊ ወጪውንና የበጀት ኮዱን ከነደብዳቤው አያይዙ።

[ምስል፦ የፋይል ሳጥኖች፤ ደረሰኝ በቀን በቀን]

ካሸነፋችሁ ውል ከተፈረመበት ቀን በፊት የወጣ ወጪ በአብዛኛው አይከፈልም፣ ስለዚህ በደስታ ቸኩላችሁ ድንጋይ አትግዙ። ለፕሮጀክቱ የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ከአንድ የበጀት መስመር ወደ ሌላ ገንዘብ ከማዛወራችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈቅዱ። ክፍያ ለተቋራጩ የሚፈጸመው አማካሪ መሐንዲሱ ለክቶ ባጸደቀው መጠን ነው፤ ከመሬት በታች የሚቀበር ሥራ ደግሞ ሳይሸፈን ፎቶ ይነሣ፣ ቀንና የሜትር ምልክት ይኑርበት። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከተሠራ ሰነዱ የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ 5 ዓመት ይቀመጣል፤ ትንሽ ድጋፍ፣ ከ60,000 ዩሮ የማይበልጠው፣ 3 ዓመት።

ካልተሳካላችሁ የግምገማውን ነጥብ በደብዳቤ ጠይቁ። ነጥቡ የጎደለው በባለቤትነት፣ በፈቃድ ወይም በተጓዳኝ መዋጮ ከሆነ ጽሑፉን አትንኩት፤ ወረቀቱን አሟልታችሁ በሚቀጥለው ጥሪ ያንኑ 180 ሜትር መልሳችሁ አቅርቡ።