ፀሐይ ወጥታ እንዴት ይበርዳል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀዳው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ እቤቴ ደጃፍ ላይ፣ በሀበሻ ሰዓት ከሌሊቱ አስር ተኩል ሆኗል። አንድ ሰው ደለስ ኤርፖርት ላደርስ ነበር፣ በረራው በጉሙ ምክንያት ዘገየና ትንሽ ቆይተን እንውጣ አለኝ፣ እኔም ጊዜ ካገኘሁ ላይቀር ላውራችሁ ብዬ ነው።

ጉሙ እንዴት እንደወረደ ብታዩ። ማዶ ያለው የመንገድ መብራት ምሰሶው አይታይም፣ ብርሃኑ ብቻ እንደ ቢጫ ጥጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ደሞ ይሞቃል! ጃንዋሪ ላይ ነን እኮ፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው የማወራችሁ፣ ስልኬ 58 ፋራናይት ይላል፣ በሴልሺየስ 14 አካባቢ መሆኑ ነው። ከሰዓት 60ዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ማታ ደሞ ኮልድ ፍሮንት፣ ማለትም ከሩቅ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር የፊት ጠርዝ፣ ይደርሳል፣ ነገ ጠዋት 22 ነው የሚለው፣ ከዜሮ በታች አምስት ስድስት ማለት ነው። በአንድ ቀን ጉም፣ ሙቀት፣ ቆፈን።

እዚህ ለቆየን ሰዎች ይሄ ብርቅ አይደለም። ግን ባለፈው ወር በዲቪ የመጣ የአክስቴ ልጅ አለ፣ ትናንት ደውሎ "ክረምቱ አለቀ ማለት ነው?" አለኝ፣ ደስ ብሎታል፣ በሸሚዝ ሥራ ሄዶ እንደመጣ ነገረኝ። ክረምት ስንል እኛ ዝናብ ነው የምናስበው፣ እዚህ ግን ብርዱን ነው ክረምት የምንለው፣ እኔ ላለመምታታት ዊንተር ልበለውና፣ ዊንተር አላለቀም። የዛሬው ወሬ በዋናነት ለሱ ነው፣ እንደሱ አዲስ ለሆናችሁም ጭምር።

እኔ ደብረ ሲና ነው ያደግኩት። ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣሊያን በ1930ዎቹ የሠራው ዋሻ ያለበት። እዛ ጉም እንግዳ አይደለም፣ ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናል። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር በአይሱዙ ስንመጣ አንዴ ምንም የማይታይ ሆነና ረዳቱ ወርዶ ባትሪ ይዞ ከፊት ከፊት በእግሩ ሲሄድ፣ አጎቴ የሱን ብርሃን እየተከተለ ሲነዳ ትዝ ይለኛል። ትንፋሽ የሚያወጣ ሰው አልነበረም መኪናው ውስጥ። እና አሁን እዚህ ጉም ሳይ ሁሌ ያቺ ባትሪ ትመጣብኛለች።

የዚህ አካባቢ የዊንተር ጉም ግን አመጣጡ ሌላ ነው። አየሩ ገደል አይወጣም። ከደቡብ፣ ከባሕሩ በኩል ሞቃትና እርጥብ አየር ይመጣና ሳምንቱን ሙሉ በብርድ የከረመ መሬት ላይ ይተኛል፣ በረዶ ካለ ደሞ በረዶው ላይ። መነጽር የምታደርጉ፣ ከውጭ በብርድ መጥታችሁ ቡና የሚፈላበት ቤት ስትገቡ መነጽራችሁ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ አይደል፣ በቃ እሱ ነው፣ መሬቱ መነጽራችሁ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ ጉምና ሙቀት አንድ ላይ ስታዩ ሞቃቱ አየር እላያችን ላይ መጥቷል ማለት ነው። እና ሞቃት አየር በዚህ ወቅት ከደቡብ እንዲህ ሽቅብ ሲሳብ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ በኩል የሚመጣ ነገር አለ። ያ የሚመጣው ነገር ነው የሚስበው። ፍሮንቱ ሊደርስ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው ቀኑ የሚሞቀው፣ ሰው የሚታለለውም ያኔ ነው።

እማዬ የዛሬ ጥቂት ዓመት ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። እሁድ ሌሊት ቤተክርስቲያን ላደርሳት ተነሳን፣ ልክ እንደዛሬው ጉም ነው፣ ሞቅ ያለ ነው። ወፍራሙን ኮት ይዛ ወጣች። እኔ ነኝ "እማዬ ይሄ ምን ይሠራልሻል፣ ዛሬ እኮ ሙቀት ነው" ብዬ ከእጇ ተቀብዬ ሶፋው ላይ ያስቀመጥኩት። በስስ ሹራብና በነጠላ አደረስኳት፣ ሥራ ሄድኩ። እሷ ቅዳሴ ላይ እያለች ፍሮንቱ አለፈ። ውስጥ ሆና በምን ታውቃለች፣ እኔም ልብ አላልኩም፣ መኪና ውስጥ ማሞቂያ አለ። ሲያልቅ ልወስዳት ስሄድ መንገድ ተዘጋግቶ አርባ ደቂቃ ዘገየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጉም የለ ዳመና የለ፣ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። እማዬ ውስጥ መቆየት ስትችል ውጭ ቆማ አገኘኋት። ምን ሆና መሰላችሁ፣ ፀሐይ ልትሞቅ ነው የወጣችው። ሀገር ቤት እንደምናደርገው፣ ጠዋት ብርድ ሲሆን ወጥተን ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እንደምንሞቀው፣ እንደዛ ግድግዳ ፈልጋ ፀሐይዋ የምታርፍበት ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ነጠላዋን ደራርባ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ እጇ አልታዘዝ ብሏት። መኪና ውስጥ ካስገባኋት በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም፣ ከዛ "አንተ ልጅ፣ ፀሐይ ወጥታ እንዴት ይበርዳል?" አለችኝ።

ሦስት ሳምንት አሳላት። ስታስል ሌሊት እሰማታለሁ፣ ያ ኮት ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ይታየኛል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኛ ሀገር ብርድ በሰዓት ነው የሚሄደው። ደብረ ብርሃን ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ብራ ሲሆን መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሦስት አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ታቀልጠዋለች፣ በቃ። ብርዱ እዛው ይወለዳል እዛው ይሞታል። እዚህ ግን ብርድ መንገደኛ ነው። ካናዳ፣ ከዛም በላይ፣ ፀሐይ ለሳምንታት በቅጡ የማትታይበት ቦታ ላይ ተከማችቶ ተነስቶ ይመጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሲመጣ መሬት ለመሬት ነው፣ ሞቃቱን ከስር እንደ አካፋ ገብቶ ያነሳዋል፣ ያ ሲነሳ ነው ያ ዝናብና ነፋስ የሚመጣው፣ ከዛ ሰማዩ ይጠራል። ለዚህ ነው የጠራው ሰማይ እዚህ የሙቀት ምልክት ያልሆነው፣ እንዲያውም ብርዱ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ቀትር ላይ ከሌሊቱ የባሰ የሚበርድበት ቀን አለ። ፍሮንት የሚለውን ስም ያወጡት ኖርዌይ በርገን የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቀበት ሰሞን፣ የሁለት ሠራዊት ግንባር መስሏቸው። እኛም ግንባር የሚል ቃል አለን፣ ሳስበው በጣም ይገጥማል።

መንገደኛ ነው ስላችሁ እውነቴን ነው። ዲሴምበር 21፣ 2022 ዴንቨር ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 37 ዲግሪ ፋራናይት ነው የወረደው፣ ከ42 ወደ 5። እዛው ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ የሚኖር ጓደኛ አለኝ፣ ያን ቀን ደውሎ "ወንድሜ፣ ሥራ ስገባ ጃኬቴን በእጄ ይዤ ነበር፣ ስወጣ የመኪናውን በር መክፈት አቃተኝ" አለኝ። ያው ብርድ እኛ ጋ የደረሰው በሁለተኛው ቀን በ23 ነው፣ ጠዋት ዝናብ ነበር፣ ማታ ከ20 በታች ወረደ። የጓደኛዬ ስልክ ሁለት ቀን ቀደመኝ ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ዊንተር ላይ ዴንቨር ወይ ቺካጎ ያለ ሰው ስደውል መጀመሪያ አየሩን ነው የምጠይቀው።

ሙቀቱማ አንዳንዴ ለማመን ይቸግራል፣ ጃንዋሪ 26፣ 2024 ዲሲ 80 ፋራናይት ገብቶ የጃንዋሪን ሪከርድ ሰብሯል፣ 27 ሴልሺየስ ገደማ ነው። እሱ ቀን ደስ ይላል፣ አልዋሽም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን መገናኛው ነው፣ ሙቀቱና ብርዱ ሲገናኙ መንገዱ ላይ የሚሆነው። ጃንዋሪ 2022 ትዝ ይላችኋል፣ እሁድ 60ዎቹ ውስጥ ውለን ሰኞ ጠዋት በረዶ ሆኖ አደረ። በዝናብ ስለጀመረ ጨውን ያጥበዋል ተብሎ መንገዱ ቀድሞ ጨው አልተነሰነሰበትም ነበር፣ ከዛ ሀይዌይ 95 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ 48 ማይል ያህል ተዘጋ፣ ሰው መኪናው ውስጥ አደረ፣ ሴናተር ቲም ኬን ራሱ 27 ሰዓት ነው መንገድ ላይ የቆየው። ትራክ የሚነዳ ጓደኛዬ እዛ ውስጥ ነበር። አጠገቡ ያለች መኪና ውስጥ ሁለት ልጆች ያሏት እናት ነበረች፣ የያዘውን ዳቦ ቆሎ ብርድ ልብስ ሰጣት፣ እሱ ኮቱን ለብሶ አደረ።

ስለዚህ አንተ የአክስቴ ልጅ፣ የምትሰማኝ ከሆነ። አፑ ላይ ያለውን የቀኑን ትልቁን ቁጥር አትመን፣ በሰዓት በሰዓት የተዘረዘረውን እየው፣ ሥራ የምትወጣበትን ሰዓት። ነፋሱን እየው፣ አሁን ከደቡብ ነው የሚነፍሰው፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲዞር ገብቷል ማለት ነው። መኪና ያላችሁ ደሞ ዛሬ ጠዋት በጉሙ ስትነዱ ረጅሙን መብራት እንዳታበሩ፣ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ አይናችሁ ላይ ነው የሚረጨው፣ አጭሩን አብሩ፣ ከፊታችሁ ካለው ራቅ በሉ። ማታ ደሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ መንገዱ ዝም ብሎ ርጥብ ከመሰላችሁ ተጠንቀቁ፣ ድልድይ ላይ በተለይ፣ ከስሩም ነፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው እሱ ነው፣ ብላክ አይስ የሚሉት ስስ በረዶ አይታይም፣ ጥቁር አስፋልት ነው የሚመስለው።

ላንተ ለአክስቴ ልጅ ደሞ ኮት ይዤልሃለሁ፣ ኋላ ወንበር ላይ ነው። ሺፍትህ ማታ አምስት ሰዓት ነው የሚያልቀው፣ ፍሮንቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያልፋል ነው የሚለው፣ በሸሚዝ ባስ ስቶፕ ላይ እንድትቆም አልፈልግም። ከኤርፖርት ስመለስ ሥራ ቦታህ አድርሼልህ አልፋለሁ።

ተሳፋሪዬ ቴክስት አደረገ፣ ልውጣ እያለ ነው። ቆይ እጄን በመስኮት ላውጣና... አሁንም ከደቡብ ነው። ጊዜ አለን። ደህና ዋሉ።