ብቅል አብቃይዋ ማን ትባላለች?

የተከበራችሁ የቃል ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ወደዚህ ወመዘክር አዳራሽ አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ መጥቻለሁ፤ «ሞልትስተር»። ብቅል የሚያበቅል ባለሙያ ማለት ነው። ዛሬ ከሙያው ሰዎች በቀር የሚያነሳው ጥቂት ነው። እኔን የያዘኝ ጭራው ነው። «ስተር» በጥንቱ እንግሊዝኛ የሴት ባለሙያ መለያ ነበር፦ «ስፒንስተር» ፈታይ፣ «ብሩስተር» ጠማቂ። ስመ ጥሩ መዝገበ ቃላት የሚጠራበት «ዌብስተር» እንኳ መነሻው ሴት ሸማኔ ነው። (እኛ ዘንድ ሸማኔው ወንድ፣ ፈታይዋ ሴት መሆኗን ልብ ይሏል።) ኋላ ወንዶቹ ሥራውን ሲይዙት ጭራው ጾታውን ጣለ። በስኮትላንድ ብቅል አብቃዮቹ ወለል ላይ የተነጠፈውን እርጥብ ገብስ ቀን ከሌት በአካፋ ሲያገላብጡ ትከሻቸው ይጎዳ ነበርና ሕመሙ «የጦጣ ትከሻ» ተባለ። እነሱስ ለሕመሙም ስም አወጡለት።

የእኛዋስ? እናቴ ገብሱን አጥባ ትዘፈዝፈዋለች፤ በማግስቱ አጠንፍፋ በኮባ ቅጠል ትሸፍነዋለች፤ ድንጋይ ትጭንበታለች። ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ገለጥ አድርጋ ታሸተዋለች። ሥሩ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ሲነሳላት ፈርፍራ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ጥበቡ ማቆሚያውን ማወቅ ላይ ነው። እህሉ ካልበቀለ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም አይበቃም፤ አለቅጥ ከበቀለ ደግሞ ቡቃያው ምግቡን ራሱ ይጨርሰዋል፤ እርሾው ታዲያ ምን ይብላ? እናቴ ኢንዛይም የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፤ ጠላዋ ግን አንድ ቀን አልከሸፈባትም።

ጠላ ጠማቂ አለን፣ ጠጅ ጣይ አለን። «ብቅል አብቃይ» ብንል ሰዋስው አይከለክለንም፤ ግን በዚህ ስም የተጠራች ሴት እኔ አላጋጠመችኝም። እንደሚመስለኝ ሁሉም ቤት የሚሠራውን ማንም ሙያ ብሎ አልቆጠረውም። ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተቋቋመ፤ አሰላም ላይ የብቅል ፋብሪካ ተተከለ፤ ብቅል ማብቀል ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆነ። ጓዳ ያለችው አሁንም «እሷ» ናት።

በእናንተ አገር፣ በጎጃም ይሁን በመንዝ፣ ለእሷ የተለየ ስም ካለ ቡናው ላይ ንገሩኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ።