ደም ማቅጠኛ፦ በሆድ መርፌ ወይስ በኪኒን?

ከሐይቅ የደወለ አድማጭ፦ «እናቴ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ደሴ ተኝታለች። ሆዷ ላይ መርፌ ይወጓታል፣ አሁን ደግሞ ዋርፋሪን ኪኒን ጨመሩላት። ሁለቱ አይበዛም? መርፌውስ በኪኒን አይገኝም?»

እናትህን ይማርልህ። መርፌው ሄፓሪን ወይም ዘመዱ ኢኖክሳፓሪን ነው። ብትውጠው ከንቱ ነው፤ ሞሌኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ አንጀትን አልፎ ደም ውስጥ አይገባም። ሄፓሪን በደም ስር ሲሰጥ ወዲያው ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይጠፋል፣ ስለዚህ ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል። ኢኖክሳፓሪን ግን ከቆዳ ስር ተወግቶ ቀስ እያለ ነው የሚገባው፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ጫፍ ይደርሳል፣ ለዚህ ነው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚበቃው።

ዋርፋሪን ደግሞ በአፍ ሲወሰድ በደንብ ይገባል። የሚዘገየው ሌላ ቦታ ነው። ጉበት ደም የሚያረጋ አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያደርጋል እንጂ ቀድሞ ተሠርቶ ደም ውስጥ የሚዞረውን አይነካም፤ ያ እስኪያልቅ ቀናት ይፈጃል። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት መርጋትን የሚከላከለው ፕሮቲን ሲ ቀድሞ ስለሚያልቅ ኪኒኑ ብቻውን ሊያስፈራ ይችላል። መርፌው ቢያንስ 5 ቀን፣ አይኤንአር የሚሉት፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው ምርመራ 2 ደርሶ እስኪጸና ድረስ አብሮ ይሄዳል። «ኪኒን ከጀመረች መርፌው ይብቃት» ብላችሁ እንዳታስቆሙ!

ከኮምቦልቻ፣ አንድ አባት፦ «የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ወገቤን ሲያመኝ መቀመጫዬ ላይ ማስታገሻ መርፌ ብወጋስ?»

አባቴ፣ ይቅርብዎ። ጡንቻ ደም ስር ይበዛበታል፤ ደምዎ ቀጥኖ ሳለ ቢወጉ ውስጥ ለውስጥ ይደማና አብጦ ይጠጥራል። የሆዱ መርፌ ከቆዳ ስር ስለሆነ ከዚህ ይለያል። ደግሞ ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ በአፍም ይሁን በመርፌ ጨጓራ ያደማል፣ መንገዱን መቀየር አያድንዎትም። እኛ አገር መርፌ ካልተወጋ ያልታከመ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሐኪምዎን ያማክሩና በፓራሲታሞል ይሞክሩ፣ እሱንም ለቀናት በብዛት ከወሰዱ አይኤንአር ይታይልዎ። ክሊኒክ በገቡ ቁጥር መጀመሪያ «ዋርፋሪን ላይ ነኝ» ይበሉ።

ከወልድያ፣ አንዲት እህት፦ «ጾም ሲገባ ጎመን አዘወትራለሁ፣ ዋርፋሪኑን ይቀንሰዋል አሉኝ። በመርፌ ላስቀይር?»

የጎመን ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ያዳክማል፣ እውነት ነው፤ ሄፓሪንን አይነካም። ግን ለጎመን ብሎ ሁለት ወር ሆድን መወጋት አያስፈልግም። ጎመኑን አትተይ፣ ዓመቱን ሙሉ መጠኑ ተቀራራቢ ይሁን፣ ጾሙ በገባ በሳምንት ውስጥ ተመርመሪ።