ስሜ ተበላሽቶ ነበር፣ ቤት ግን ገዛሁ

እንደምን አረፈዳችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ከቤተክርስቲያን መልስ በቀጥታ ወደ ማህበራችን ጉባኤ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰብሳቢያችን ቤት የገዛሽበትን ንገሪያቸው ብለው ነው ያስነሱኝ፣ እኔ ግን ከቤቱ በፊት የተበላሸውን ነው መናገር ምፈልገው፣ ምክንያቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብድር አምልጦት ባንክ ሲደውል ስልኩን የሚዘጋ ሰው ይኖራል፣ እኔም ለ14 ወር ስዘጋ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ነበር ምነግደው፣ ማሾ። ከቀወት ወረዳ ገበሬ እየሰበሰብኩ ወደ አዲስ አበባ እልክ ነበር። ነሐሴ 2013 ላይ ለመኸሩ መግዣ ብዬ ከባንክ 650 ሺህ ብር ተበደርኩ፣ የራሴ መያዣ ስላልነበረኝ ታላቅ ወንድሜ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለችውን ቤቱን አስያዘልኝ። ሕዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ማሾው ገና መጋዘን ነበር። ልጆቼን ይዤ በደብረ ሲና በጣርማ በር ሽቅብ ወጥቼ እዚህ ደረስኩ። ከሳምንታት በኋላ ስመለስ መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ጆንያው እንኳን የለም።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ በማግስቱ ባንኩ ጋ ሄጄ ይሄ ነው የደረሰብኝ ማለት ነበር። አልሄድኩም። አፈርኩ፣ ደግሞም ፈራሁ፣ ሲም ካርዴን ቀየርኩ፣ ሲኖረኝ እከፍላለሁ እያልኩ ወሩ ወሩን ወለደ። እኔ ስጠፋ ወለዱ አልጠፋም፣ ቅጣቱም አልጠፋም። እና አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር፣ ባንክ ብድርን በቀን ነው ሚቆጥረው። ክፍያ ካለፈ 90 ቀን ሲሞላው የተበላሸ ብድር ውስጥ ይገባል፣ ከዛ አጠራጣሪ ይባላል፣ ዓመት ሲያልፈው ኪሳራ ተብሎ ይመደባል። ማለትም በ2ኛው ወር ሄጄ ቢሆን የሚያነጋግረኝ ሰው ሌላ ነበር፣ በ14ኛው ወር የሄድኩት ግን ባንኩ ከኪሳራ መዝገብ ላይ ስሜን አውጥቶ ነው ያናገረኝ።

የሄድኩትም በራሴ አይደለም። የካቲት 2015 ወንድሜ ጋ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሰረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በጨረታ መሸጥ ይችላል። ወንድሜ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ምንም አላለኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባንኩ በር ላይ ነበርኩ።

ይዤ የሄድኩት ምን መሰላችሁ፣ ከቀበሌ ስለ ዝርፊያው የተፃፈ ማስረጃ፣ ያለኝ 40 ሺህ ብር፣ እና በደብተር የፃፍኩት የወር ገቢና ወጪዬ። ያናገረኝ የባንኩ ሰው የፈለገው ልቅሶዬን አልነበረም፣ ደብተሩን ነው ያየው። ብድሩን ሪስኬጁል አደረጉልኝ፣ ማለትም የመክፈያ ጊዜውን እንደገና አዘጋጁልኝ፣ ጨረታው ቆመ። ከዛ በኋላ እዚህ ገበያ በርበሬና ቅመም እየቸረቸርኩ፣ ባለቤቴም የቀን ስራ እየሰራ፣ ሰኔ 2016 ጨረስኩ። የመጨረሻዋን ደረሰኝ ለወንድሜ ሰጠሁት፣ ካርታው ተመለሰለት።

እዚህ ጋ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ አላለቀም። ሌላ ባንክ ሄጄ ብድር ስጠይቅ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ ያልተከፈለ ብድር አለሽ አለችኝ። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው፣ ባንኮች የተበዳሪያቸውን መረጃ ወደዛ ይልካሉ፣ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም በቲን ቁጥራችሁ እዛ ያያሉ። የኔን ገንዘብ የተቀበለው ባንክ መክፈሌን አላስተካከለም ነበር። አይፈረድባቸውም እላለሁ ግን ያማል፣ ላቤን አፍስሼ ከፍዬ አሁንም ባለእዳ ነኝ። ክሊራንሴን፣ ማለትም ከእዳ ነፃ ናት የሚለውን ደብዳቤ ይዤ ተመላለስኩ፣ ማመልከቻዬን በፅሁፍ አስገብቼ ኮፒው ላይ ማህተም አስመትቼ፣ ሁለት ወር ፈጀ። እባካችሁ ብድር ስትጨርሱ በደረሰኝ ብቻ አትውጡ፣ ክሊራንስ ውሰዱ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ተመልሳችሁ መረጃዬ ተስተካክሏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሲስተካከልም ታሪኩ አይፋቅም፣ ዘግይታ ነበር፣ ከፍላ ጨርሳለች ነው ሚለው፣ ግን ከፍላለች ሚለው ቃል ለኔ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳው። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፣ ከዛ በኋላ ሰው ሲከለከል በራሱ የብድር ታሪክ ምክንያት መስሎት ተስፋ ይቆርጥ ነበር፣ ባንኩ ግን ለማንም ሚሰጠው ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አይሆንም ሲሏችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ የናንተ ችግር ከሆነና የነሱ ከሆነ መፍትሄው ይለያያል።

ከዛ በጥቅምት 2017 ሆን ብዬ ትንሽ ብድር ጠየቅኩ፣ 80 ሺህ ለአንድ ዓመት። ብሩ አስፈልጎኝ ብቻ አይደለም፣ 12 ወር በሰዓቱ ስከፍል እንዲያዩኝ ነው። የገበያ ብሬንም በእጄ መያዝ ትቼ ሁሉንም በአካውንቴ አስገባሁ፣ ስቴትመንቱ እንዲናገርልኝ። ዕቁብ ላይ የሰው እምነት አለኝ፣ ባንክ ግን ዕቁቤን አያይም፣ ወረቀት ነው ሚያየው።

ጥር 2018 የቤት ብድሩ ተፈቀደ። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፣ ግቢዋ ጠባብ ነው፣ ልጆቼ ግን ራሳቸው ናቸው በሩን ሚዘጉት። ሂደቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ የባንኩ ኢንጂነር መጥቶ ይገምታል፣ ግምቱ ሻጩ ከሚጠራው ያንሳል፣ ልዩነቱን እኛ ነን ምናሟላው፣ ስለዚህ ከግምቱ በፊት ለሻጭ ትልቅ ቀብድ አትክፈሉ። የቤቱን እዳና እገዳ ከማዘጋጃ ቤት አጣሩ። የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይጠየቃል፣ ባለቤታችሁም አብሮ ይፈርማል።

አሁን ትንሽ ሂሳብ። የወሰድኩት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው፣ ወለዱ 17 በመቶ፣ 15 ዓመት። በወር ወደ 18,470 ብር ይመጣል፣ ባጠቃላይ ስከፍል 3 ሚሊዮን 300 ሺህ ገደማ ነው። ስሰማው እግሬ ተንቀጠቀጠ። ልጄ ካልኩሌተር ይዞ እማ በየወሩ 2 ሺህ ብር ብትጨምሪስ አለኝ፣ ብድሩ በ10 ዓመት ከ6 ወር አካባቢ ያልቃል፣ ከ700 ሺህ ብር በላይ ወለድ ይቀርልናል። 2 ሺህ ብር እኮ ነው። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ቀድሞ መክፈልን እንዴት እንደሚያይ አስነብቡ፣ ቅጣት ካለው ያኔ ነው መነጋገር ያለባችሁ።

ለዋሶች ደግሞ። ወንድሜ ቤቱን ሲያስይዝልኝ ምን እንደሚፈርም አላስነበብኩትም፣ ይሄ ዛሬም ይቆረቁረኛል። በማህበራችንም ለሰው ዋስ ምትሆኑ አላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀፅ 1922 ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተፃፈ አይፀናም ይላል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ውሉ ላይ መኖሩን እዩ። አንድነትና ነጠላነት ሚል ቃል ካለበት ደግሞ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ እናንተ ጋ ሊመጣ ይችላል። እምቢ በሉ አልልም፣ ወንድሜ እምቢ ቢለኝ ኖሮ ንግድም አልጀምርም ነበር፣ ግን አውቃችሁ ፈርሙ።

ክሊራንሱን፣ ማመልከቻውንና ያን ደብተር በዚህ ፌስታል ይዤዋለሁ፣ ማየት ለሚፈልግ በቡናው ጊዜ እዚያ ጥግ ነኝ። ብድር አምልጦት ስልኩን የዘጋ ካለ ደግሞ በሰው ፊት እንዲናገር አልፈልግም፣ ቀስ ብሎ ይንገረኝ፣ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ባንኩ በር ላይ አብሬው እቆማለሁ።